አንበሳ የሌለበት ሳህን

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ እጄ የጻፈው በየፎርሙ ላይ ስሜንና የትውልድ ቀኔን ነው፤ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ደግሞ በሱቁ ዕቃዎች ላይ በክር የሚንጠለጠሉትን ትንንሽ ወረቀቶች፣ እሱንም አሠሪዬ በእንግሊዝኛ ከጻፉልኝ ላይ እያየሁ። ማንኪያ፣ ስድስት፣ አንዱ የተጣመመ። ከዚህ የረዘመ ነገር ከእኔ የጠየቀ ሰው የለም። አሁንም የጠየቀኝ የለም። ግን ይህን ነገር በአፌ ልናገረው ስል አንገቴን እደፋና ግማሹን እውጠዋለሁ። ወረቀት ፊት አንገት ቢደፋ ማንም አያይም።

የምሠራው እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ፣ ወደ ወንዙ ከሚወርደው የጡብ መንገድ ዳር ባለ የድሮ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ነው። ባለቤቱ የአገራችን ሰው ናቸው። በዕድሜ ከአባቴ ይበልጣሉ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ሥራውን ያገኘልኝ አባቴ ነው። ጋሼ መኪናቸውን በሚያቆሙበት ፓርኪንግ ይሠራ ነበርና አንድ ቀን፣ «ዝምተኛ፣ እጇ የማይቸኩል ልጅ ታውቃለህ?» ቢሉት፣ «ዝምታውስ ሞልቷታል» ብሎ እኔን ሰጣቸው። በየቀኑ ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ ባቡር ተነስቼ፣ መሃል ላይ ወደ ቢጫው ቀይሬ፣ ወንዙን ተሻግሬ እሄዳለሁ። ሥራዬ ብር መወልወል ነው። የሞቱ ሰዎች ማንኪያ፣ የሞቱ ሰዎች የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ የሞቱ ሰዎች የፎቶ ክፈፍ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት የተማርኩት ሁለት ነገር ብቻ ነበር። የእንግሊዝ ብር ከሥሩ አንድ እግሯን አንስታ የምትራመድ ትንሽ አንበሳ አለችው። የአሜሪካ ብር ደግሞ ስተርሊንግ የሚል ቃል ተመትቶበታል። ሁለቱም ከሌሉበት ጋሼ፣ «ቅብ ነው፤ ላዩን ነው ብር የነካው» ይሉና ወደ ካርቶኑ ይመልሱታል። የአንበሳው ነገር ደስ ይለኝ ነበር። ፊደል አይጠይቅም። አንበሳ ደግሞ ማንም ያውቃል። ቤት ገብቼ ለአባቴ ስነግረው፣ «በቃ፣ ሥራሽን ተማርሽ» አለኝ። እኔም የተማርኩ መሰለኝ።

እኛ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። ምድር ቤት ደግሞ እንደኛ ከወሎ የመጡ አንድ ሴት ይኖራሉ። ብቻቸውን ናቸው፤ እትዬ እላቸዋለሁ። እናቴ ከሞተች በኋላ እዚህ አገር እንደ እናት የያዙኝ እሳቸው ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም። እትዬ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በርክ የሚባል ሰፈር ድረስ እየሄዱ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት አስታመዋል። አጥበዋታል፣ አልብሰዋታል፣ መጨረሻ ላይ በማንኪያ አጉርሰዋታል። ስለ እሷ ሲያወሩ «የእኔ ሴትዮ» ነበር የሚሉት። ሴትየዋ ባለፈው ዓመት ሞተች። ሴት ልጇ ከቀብሩ በኋላ እትዬን ጠርታ፣ እናቴ ላንቺ ብላለች ብላ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሰጠቻቸው። ሴትየዋ ቀለበቶቿን የምታስቀምጥበት፣ ከእትዬ በቀር ማንም እንዲነካባት የማትፈልገው ሳህን ነበር።

ረመዷን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ቤታቸው ሴቶች ተሰብስበው ሳለ፣ እትዬ ያንን ሳህን በነጭ ሻሽ እንደተጠቀለለ አውጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡት።

«ይቺ ልጅ ብር ታውቃለች አሉ» አሉ ለሴቶቹ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ብር ከሆነ እንደተጠቀለለ ይቀመጣል፤ በብር ዕቃ መብላት በዲናችን ሐራም ነው። ብር ካልሆነ ግን የማፍጠሪያ ቴምር አደርግበታለሁ። እይልኝ እስቲ።»

«ብር ከሆነ ለእኔ ይስጡኝ፤ እኔ ቴምር አልወድም» አለች አንዷ፣ ሌሎቹም ሳቁ።

ሴቶቹ ሁሉ እያዩኝ ነበር። እኔ በዚያ ቤት ውስጥ ኩባያ ስሰበስብ ካልሆነ በቀር ታይቼ አላውቅም። ሳህኑ ዙሪያውን የቀርከሃ ቅጠል ተቀርጾበታል፤ ከበድ ይላል። ገለበጥኩት። አንበሳ የለም። ስተርሊንግ የሚል የለም። በትንሽ አራት ማዕዘን ውስጥ ሁለት የቻይና ፊደል፣ ከጎናቸው ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ከነሱ ቀጥሎ ዘጠና ቁጥር።

«ቻይና ነው» አልኩ።

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ።

ቻይና ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ የአገሬ ሰው ያውቃል። በሳምንቱ ሶሉ የሚላቀቅ ጫማ ቻይና ነው። ሁለት ቀን ሠርቶ የሚሞት ሰዓት ቻይና ነው። የማያዛልቅ ባል ሳይቀር ቻይና ይባላል። ሴቶቹ ሳቁ። እትዬም ሳቁ፤ ግን ከሌሎቹ ትንሽ ዘግይተው ነበር። ያንን መዘግየት አይቼዋለሁ። አይቼው አለፍኩ፤ ምክንያቱም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አዋቂ ሆኜ መቀመጤ ደስ ብሎኝ ነበር።

«እሷስ መች ዋሸችኝ» አሉ እትዬ ሻሹን እያጣጠፉ። «በጣቷ እየነካካች ቻይና፣ ቻይና ስትለኝ ነበር። ሳትደብቅ ነው የሞተችው።»

ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩ የሰፈር ጨዋታ ሆነ። ማንም ስለ ሥራው ሲያማርር እትዬ፣ «እኔ ዘጠኝ ዓመት ጀርባ አጥቤ ቻይና ሸልመውኛል» ይላሉ፣ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ግን «የእኔ ሴትዮ» ማለታቸውን ተዉ። ያቺ አሮጊት፣ ማለት ጀመሩ። ረመዷን ሲገባም ሳህኑ ከሻሹ ወጥቶ ጠረጴዛው መሃል ተቀመጠ፣ ቴምር ተሞላበት።

ጾሙ በገባ በዘጠነኛው ቀን ጋሼ ከአንድ የሚሸጥ ቤት አንድ ሳጥን ዕቃ ይዘው መጡ። እኔ እንደ ልማዴ ለየሁት። አንበሳ ያለውን በአንድ በኩል፣ ስተርሊንግ የሚለውን በአንድ በኩል፣ የቀረውን ወደ ካርቶን። ጋሼ ካርቶኑን ሲያዩ ቆም አሉ።

«ይህን ማነው እዚህ የከተተው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። ቻይና ስለሆነ ነው።»

መነጽራቸውን እስኪያወልቁ ድረስ ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ ቻይና እዚህ ቤት የአገር ስም ነው፤ ስድብ አይደለም።»

ከዚያ ጎናቸው አስቀምጠው አሳዩኝ። ሁለቱ የእንግሊዝኛ ፊደሎች የነጋዴው ናቸው፤ ፈረንጅ ገዢ እንዲያነበው የተመቱ። የቻይናው ጽሑፍ ግን ዕቃውን በእጁ የሠራው ባለሙያ ምልክት ነው። ዘጠናው ደግሞ ከመቶው ዘጠናው ብር ነው ማለት ነው። ይህ ሁሉ መቶ ዓመት ያለፈው፣ ከአንዳንድ የእንግሊዝ ዕቃ ይልቅ ሰው ፈልጎ የሚያጣው ነገር ነው አሉኝ።

«አንበሳውስ?» አልኩ።

«አንበሳው የእንግሊዝ ነው። ሰው ሁሉ አንበሳ ይኑረው እንዴ?» አሉ። አንዳንዶቹ የቻይና ሠሪዎች እንዲያውም ገዢ ደስ እንዲለው አንበሳ የሚመስል ነገር ይመቱ እንደነበር፣ ስለዚህ አንበሳም ብቻውን እንደማይታመን ነገሩኝ።

ምልክቱ ሲደበዝዝ አፍን ጠጋ አድርጎ ትንፋሽ መስጠት ነው። ብሩ ላይ ጉም ይይዝና ጉሙ ሲለቅ ፊደሉ ለአንድ አፍታ ጎልቶ ይወጣል። ያኔ ቶሎ ብሎ በማጉያ መነጽር ማየት፣ ያዩትን ደብተር ላይ መሳል፣ ከዚያ ምልክቶቹ የታተሙበትን ወፍራም መጽሐፍ እየገለጡ መሳዩን መፈለግ። ጋሼ ራሳቸው አንዱን ግማሽ ሰዓት ሲፈልጉ ቆይተው ገልብጠው ይዘውት እንደነበር ያየሁት እኔ ነኝ። ፈርቼ፣ በቀስታ፣ እግሩ ወደ ላይ ሆኗል መሰለኝ አልኳቸው። «አየሽ፣ እዚህ ላይ ሁላችንም መሃይም ነን፤ አትፈሪ» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። ማንበብ ሳይሆን ማየት ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ማየት ደግሞ እችላለሁ። ሦስት ዕቃ ሳልኩ። አራተኛው ትንሽ ኩባያ ነበር። ተነፈስኩበት፣ አየሁ፣ መሳል ጀመርኩ። የመጀመሪያው ፊደል አናቱ ላይ ነጥብ ያለበት ጣሪያ ይመስላል፣ ከጣሪያው ሥር ሁለት እግር። ሁለተኛው መሰላል ይመስላል። መሰላሉን ሳልጨርስ እጄ ቆመ። ይህን አውቀዋለሁ። ጭኔ ላይ አስቀምጬው አይቼዋለሁ።

ለጋሼ ምንም አላልኩም። ባቡር ውስጥ ተሳስቼ ሊሆን ይችላል እያልኩ ሄድኩ። የቻይና ፊደል ለማያውቅ ሰው ሁሉም አንድ አይደል ወይ አልኩ። ግን ደብተሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

በማግስቱ እትዬ ቤት ነበር የምናፈጥረው። ቴምሩን እንድጨምር ወደ ኩሽና ላኩኝ። ብቻዬን ስሆን የተረፈውን ቴምር ክዳን ላይ ገለበጥኩና ሳህኑን አዙሬ ከአፌ አስጠጋሁት። ቀኑን ሙሉ ውሃ ያልነካው ትንፋሼ ብሩ ላይ ጉም ያዘ። ጉሙ ሲለቅ ጣሪያው፣ ሁለቱ እግሮች፣ መሰላሉ። ደብተሬን ማውጣት እንኳን አላስፈለገኝም።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሳሎኑ አሥር እርምጃ አይሆንም። እኔ ግን ቴምሩን መልሼ ሞላሁበትና ይዤ ወጣሁ። ከስልኩ አዛኑ ተሰማ። እትዬ ሳህኑን ከሁሉም በፊት ወደ እኔ ዘረጉት።

«እንቺ፣ መጀመሪያ አንቺ ያዢ። ሐላል ያደረግሽልኝ አንቺ ነሽ።»

አንዱን አነሳሁና በላሁ። ያላወቀ ሰው ምንም የለበትም፤ እትዬም ሴቶቹም አላወቁም። እኔ ግን እያወቅሁ ነው ያላመጥኩት። ፍሬውን በእጄ ጨብጬ እስከ ቤቴ ድረስ ይዤው እንደወጣሁ ያወቅሁት በሬን ልከፍት ስል ነው።

እንዲህ እያልኩ ስምንት ቀን አለፈ። በየምሽቱ ነገ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። በየምሽቱ ደግሞ ሳህኑ ይዞራል። አንዳንድ ቀን ደክሞኛል ብዬ ላለመውረድ ሞከርኩ፤ እትዬ ምግቡን ይዘው እስከ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጡልኝ። ከዚያ በኋላ መቅረትም አልቻልኩም። የፈራሁት ቁጣቸውን ብቻ አልነበረም። አንድ ጊዜ በሰው ፊት አዋቂ የሆንኩባት ያቺ ደቂቃ ባዶ እንደነበረች ሰው እንዲያውቅብኝ አልፈለግኩም። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን እውነቱ ይህ ነው።

ሐሙስ ዕለት የሴትየዋ ልጅ ደወለች። እትዬ ስፒከሩ ላይ አድርገውት ስለነበር ሁላችንም ሰማን። ቅዳሜ ጠዋት መቃብሩ ላይ ድንጋዩ ይቆማል፣ ቤተሰቡ ይሰበሰባል፣ አንቺም ብትኖሪ፣ እኔው መጥቼ እወስድሻለሁ አለች። እንግሊዝኛዬ ትንሽ ቢሆንም ልጅየዋ እየተለማመጠች እንደነበር ገብቶኛል። እትዬ ሥራ አለኝ አሏትና ዘጉ። ሥራ አልነበራቸውም።

«ቻይና ለሰጠኝ ሰው ቅዳሜዬን አልሰጥም» አሉ፣ ሴቶቹም ሳቁ። በዚህ ጊዜ እትዬ ራሳቸው አልሳቁም። ስልኩን በመሐረብ ይጠርጉት ጀመር።

አርብ ከሱቁ ቀደም ብዬ ወጣሁ። ጋሼን አሞኛል አልኳቸው፤ ውሸት አልነበረም። እትዬ ቤት ስደርስ ለማፍጠሪያ ሳምቡሳ እየጠቀለሉ ነበር። ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሳልቀመጥ ደብተሬን ገልጬ ሥዕሉን አሳየኋቸው።

«እትዬ፣ ሳህኑ ብር ነው።»

እጃቸውን ዱቄቱ ውስጥ እንዳለ አቆሙት። እኔ መሬት መሬት እያየሁ፣ ከኋላ ወደ ፊት እያምታታሁ፣ ስለ ነጋዴው ፊደልና ስለ ሠሪው ምልክት፣ ስለ ዘጠናው፣ ስለ አንበሳው ሁሉንም ተናገርኩ። ስጨርስ እጃቸውን ታጥበው መጡ፣ ቴምሩን በወረቀት ላይ ገለበጡት፣ ሳህኑን ወደ መስኮቱ ይዘው ሥሩን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«መቼ አወቅሽ?» አሉ።

ይህን ጥያቄ ነበር የፈራሁት። «ስምንት ቀን ሆነኝ።»

«ስምንት ቀን ከእኔ ጋር በላሽበት።»

«አዎ። አውፍ ይበሉኝ።»

የሚያስቡት ስለ እኔ እንዳልሆነ ቆይቶ ነው የገባኝ። ጣታቸውን በቀርከሃው ቅጠል ላይ ቀስ እያደረጉ፣ ሴትየዋ ስታደርግ እንዳዩት ይመስለኛል፣ ዳር ዳሩን ነካኩት።

«ስትነግረኝ ነበር እኮ» አሉ። «ከየት እንደመጣ ነበር የምትነግረኝ። ቻይና፣ ቻይና፣ ግራንድፋዘር እያለች። አያቷ ያመጡላትን፣ የምትመካበትን። እኔ ደግሞ እሺ እሺ እያልኩ ትራሷን አስተካክላለሁ።»

እንባቸውን አላየሁም፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነበር። ቀና ብዬ ማየትም አልደፈርኩም።

«አንቺ የማታውቂውን ተናገርሽ» አሉ። «እኔ ግን ዘጠኝ ዓመት የማውቃትን ሴት ነው ለሰው ማሳቂያ ያደረግኳት። የእኔን ሴትዮ። አፏን ይዛ አፈር ውስጥ ተኝታ።»

ሳህኑን በሳሙና አጠቡት፣ አደረቁት፣ ነጩን ሻሽ ከመሳቢያ አውጥተው ጠቀለሉት። ከዚያ ስልካቸውን አንስተው፣ «ልጅቷን ኮል አድርጊልኝ፤ ዓይኔ አላይ አለኝ» አሉኝ። ቁጥሩን ፈልጌ ደወልኩላቸው። ስልኩን ይዘው ወደ መኝታ ቤት ገቡ። በሩ ክፍት ስለነበር ድምፃቸው ይሰማኛል።

«የስ፣ የስ። አይ ካም። ሳተርዴይ አይ ካም» ይላሉ። ከዚያ እንደገና፣ «ዩር ማዘር ጉድ። ቬሪ ጉድ» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰበረ።

ሲመለሱ ሳምቡሳውን ለብቻቸው ቀጠሉ። እኔም ላግዝ ብዬ እጄን ስዘረጋ የሳምቡሳውን ትሪ በቀስታ ወደ ራሳቸው ሳቡት። ለአዛን ብዙ አልቀረም ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ቁጭ በይ ይሉኝ ነበር። ቦርሳዬን አንስቼ ወደ በሩ ስሄድ አልከለከሉኝም። ኮሪደሩ ላይ ከወጣሁ በኋላ ግን በሩ ተከፈተ።

«ስሚ» አሉኝ። «ነገ ሴቶቹ ሁሉ ይመጣሉ። ያን ቀን እንዳልሽው፣ ጮክ ብለሽ፣ ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ። የእኔንም ጥፋት እኔ እናገራለሁ።»

እሺ አልኩ። ድምፄ የወጣ አልመሰለኝም።

እትዬ በሩን ሊዘጉ ጀመሩና እንደገና ገርበብ አደረጉት።

«የቴምር ሳህንም ይዘሽ ነይ» አሉኝ። «ቻይና ይሁን።»